ቁጥር 4፤ የአንድ የሊዬዥ እግር ኳስ ክለብ ታሪክና የአንድ መልቀቂያ ወረቀት ነገር

ቅዳሜ ማታ በመኝታ ቤታችን ውስጥ የእግር ኳስ ክርክር ሲነሣ ወሬው ሁሉ የሚሽከረከረው በአምስትና በስድስት ታላላቅ ክለቦች ዙሪያ ነው። እገሌ በስንት ሚሊዮን ተገዛ፤ እገሌ ደግሞ ውሉ ስላለቀ በነፃ ሄደ፤ እየተባለ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል። ባለፈው ጊዜ ግን ከመካከላችን አንዱ፣ «ውሉ ያለቀ ሰው በነፃ ካልሄደ ታዲያ በምን ሊሄድ ኖሯል?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ስንፈልግ ግን ከማድሪድም ከማንቸስተርም ሳይሆን፣ ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ሰምተነው ከማናውቅ ከአንድ የቤልጂግ ክለብ ደጃፍ ላይ ደረስን። ይኸውም በሊዬዥ ከተማ የሚገኘው ሮያል ፉትቦል ክለብ ደ ሊዬዥ ነው።

ይህ ክለብ የቤልጂግ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ነበረ። ከዚያም ሜዳውን አጥቶ በሰው ሜዳ ሲንከራተት የኖረ፣ ብዙ ዓመታትንም በታችኞቹ ዲቪዚዮኖች ውስጥ ያሳለፈ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ደግሞ ለአንድ ተጫዋች መልቀቂያ ወረቀት ሳያስልክ ስለ ቀረ በዓለም እግር ኳስ ያለውን የሠራተኛና የአሠሪ ሕግ ያስለወጠ ነው። ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን ለጓደኞቻችን ለማቅረብ አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ከተማዋ ጥቂት እንበል። ሊዬዥ በምሥራቅ ቤልጂግ፣ በሜዝ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ ፈረንሳይኛ የሚነገርባት ከተማ ናት። እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ይገዟት የነበሩት ጳጳስም መስፍንም የሆኑ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ስሟ የሚጠራው በድንጋይ ከሰልና በብረት ነው። ጆን ኮክሪል የተባለው የእንግሊዝ ተወላጅ በ1817 በአጠገቧ ባለችው በሴራን የብረት ፋብሪካ ካቋቋመ በኋላ የሜዝ ሸለቆ በአውሮፓ ምድር ቀደም ብለው በጭስ ማውጫ ከተሞሉት ቦታዎች አንዱ ሆነ። በሌላው ወገን ያለችው ጎረቤቷ ኤርስታል ደግሞ ከ1889 ጀምሮ የታወቀ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አላት። አያቶቻችን በፉከራቸው «በልጅግ» እያሉ የሚያነሡት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከዚህችው አገር ነው፤ ከ1930 ጀምሮም ክብር ዘበኛን ያሠለጥኑ የነበሩት መኰንኖች ቤልጂጋውያን ነበሩ። እንግዲህ አገሪቱ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለችም ለማለት ያህል ነው።

እግር ኳስን ወደ ቤልጂግ ያስገቡት እንግሊዞች ናቸው። በሊዬዥ ግን ክለቡን በ1892 የመሠረቱት የከተማው የብስክሌት ነጂዎች ማኅበር አባሎች ነበሩ። ይህ ነገር አሁን ያስገርም ይሆናል፤ በዚያን ዘመን ግን ስፖርት ገና እንደ ዛሬው በየክፍሉ አልተለያየም። በ1895 የተቋቋመው የአገሪቱ የስፖርት ማኅበራት ኅብረትም ቢሆን ኳሱን፣ ሩጫውንና ብስክሌቱን በአንድ ጥላ ሥር የያዘ ነበረ። ይኸው ኅብረት በተቋቋመበት ዓመት የመጀመሪያውን የአገር ውድድር አዘጋጀ። የተሳተፉት ሰባት ክለቦች ብቻ ሲሆኑ ውድድሩ በ1896 ሲፈጸም አንደኛ የወጣው የሊዬዥ ክለብ ሆነ። በ1898ና በ1899ም ደገመ።

በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ማሸነፍ ለአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ቀላል ክብር አይደለም። ነገር ግን በዚያው በ1898 በከተማይቱ ውስጥ የሳን ሰርቬ ኮሌጅ ተማሪዎች ተሰብስበው ሌላ ክለብ አቋቋሙ፤ ስሙንም ስታንዳርድ አሉት። እኛ ተማሪዎች በዚህ ልንኮራ ይገባን ይሆናል፤ የሊዬዥ ክለብ ደጋፊዎች ግን በዚህ ቀን ደስ የሚላቸው አይመስለንም። ምክንያቱም የተማሪዎቹ ክለብ ቀስ በቀስ አድጎ ከፋብሪካዎቹ አጠገብ በስክለሳን ሜዳውን ተከለና የከተማይቱን ሕዝብ አብዛኛውን ክፍል ወሰደ። ቀዳሚው ክለብ በገዛ ከተማው ሁለተኛ ሆነ።

በ1926 የቤልጂግ ፌዴሬሽን ለክለቦቹ ሁሉ የመዝገብ ቁጥር ሰጠ። ቁጥሩ የተሰጠው በዝና ወይም በሀብት ሳይሆን በአባልነት ቀዳሚነት ነው። አንትወርፕ ቁጥር 1፣ የብራስልሱ ዴሪንግ ቁጥር 2፣ የብሩዥ ክለብ ቁጥር 3፣ የሊዬዥ ክለብ ቁጥር 4 ሆኑ። ስታንዳርድ 16ኛ ነው። ይህ ቁጥር የጽሕፈት ቤት ነገር መስሎ ቢታይም ለቤልጂግ ደጋፊ የትውልድ ሐረግ ማለት ነው። ክለብ ስሙን ሊለውጥ ይችላል፤ ከሌላው ጋር ሊዋሐድ ይችላል፤ ሜዳውን ሊሸጥ ይችላል፤ ቁጥሩን እስከ ያዘ ድረስ ግን ያው የድሮው ክለብ ነው። ቁጥሩ ከተሰረዘ ደግሞ የፈለገውን ያህል ሕዝብ ቢከተለው በሕግ አዲስ ክለብ ሆነ ማለት ነው። ለምሳሌ ዴሪንግ በ1973 ከሌላ ክለብ ጋር ሲዋሐድ ቁጥር 2 ከመዝገቡ ጠፋ። የእኛ ክለብ ወደ ኋላ በመከራው ጊዜ ይህችን አንዲት አኃዝ እንዴት ጠብቆ እንደ ያዘ እናያለን።

ክለቡ ከ1899 በኋላ ሻምፒዮና ለመሆን 53 ዓመት ፈጀበት። በዚህ መካከል ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የወረደበት ጊዜ ነበረ። ያም ሆኖ በ1921 በከተማዋ ዳርቻ በሮኩር በተከፈተው ስታዲዩም ገባ። ሮኩር ለኳስ ብቻ የተሠራ አልነበረም፤ በሜዳው ዙሪያ የብስክሌት መሽቀዳደሚያ መንገድ ነበረው፤ በ1950፣ በ1957፣ በ1963ና በ1975 የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና ተደርጎበታል። ብስክሌት ነጂዎች የመሠረቱት ክለብ በመጨረሻው በብስክሌት መንገድ መካከል መጫወቱ እንዲያው የዕድል ጨዋታ ይመስላል። በዚሁ ሜዳ በ1952ና በ1953 በተከታታይ የአገሩን ሻምፒዮና ወሰደ። ደጋፊዎቹ የክለቡን ቀለም «ደምና የባሕር ሰማያዊ» ይሉታል። በ1963–64ም በአውሮፓ የከተሞች ዋንጫ የእንግሊዙን አርሰናል በለንደን 1 ለ 1 ተለያይቶ በሊዬዥ 3 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በስፔኑ ዛራጎዛ ተሸንፎ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዓመታት ቶሎ እንለፋቸው፤ ብዙ የሚነገርላቸው አይደሉም። ብረቱና ከሰሉም በዚያው ጊዜ ማሽቆልቆል ጀመሩ። ክለቡ እንደገና ቀና ያለው ሮቤር ዋሴዥ በ1983 አሠልጣኝ ከሆነ በኋላ ነው። ይህ ሰው በኋላ የቤልጂግን ብሔራዊ ቡድን ይዞ ለ2002 የዓለም ዋንጫ የደረሰ ነው። በእርሱ ዘመን ክለቡ በ1989–90 የዩ.ኤፍ.ኤ. ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ገባ። በሜዳው በጀርመኑ ቬርደር ብሬመን 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ግን ብሬመን ሄዶ 2 ለ 0 አሸነፈ። በዚያው የጨዋታ ዘመን መጨረሻ ዤርሚናል ኤከረንን 2 ለ 1 አሸንፎ የቤልጂግን ዋንጫ ወሰደ። በተከታዩ ዓመትም በዋንጫ አሸናፊዎች ውድድር እስከ ሩብ ፍጻሜ ሄዶ የጣልያኑ ዩቬንቱስ አቆመው።

እንግዲህ 1990 ለሮኩር ሕዝብ የደስታ ዓመት ነበረ ማለት ነው። ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ይህንን ነው፤ ቀጥለን የምንናገረው ነገር የተፈጸመው በዚሁ ዓመት፣ በእነዚሁ ወራት ነውና።

በክለቡ ውስጥ ዣን ማርክ ቦስማን የሚባል የ25 ዓመት ተጫዋች ነበረ። የሊዬዥ ልጅ ነው። ከስታንዳርድ ወደዚህ የመጣው በ1988 ሲሆን ክለቡ ለስታንዳርድ የከፈለው 3 ሚሊዮን የቤልጂግ ፍራንክ ነበረ። ውሉ እስከ ጁን 30 ቀን 1990 የሚቆይ ሲሆን፣ ጉርሻው ሁሉ ተጨምሮ በወር በአማካይ 120,000 ፍራንክ ያገኝ ነበር። በኤፕሪል ወር ክለቡ ለአንድ ዓመት አዲስ ውል አቀረበለት፤ ደመወዙ በወር 30,000 ፍራንክ። ይህም በፌዴሬሽኑ ደንብ የተፈቀደው ዝቅተኛው ደመወዝ ነው። ቦስማን አልፈርምም አለ።

እዚህ ላይ ደንቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ ትንሽ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው በዚህ ውስጥ ስለ ሆነ አንባቢ እንዲታገሠን እንለምናለን። በዚያን ጊዜ በቤልጂግ የተጫዋቹ ውል በጁን 30 የሚያበቃ ከሆነ ክለቡ ከኤፕሪል 26 በፊት አዲስ ውል ማቅረብ ነበረበት። ተጫዋቹ ውሉን አልቀበልም ካለ ስሙ በዝውውር ዝርዝር ላይ ይጻፋል። የሜይ ወር በሙሉ «የግዴታ ዝውውር» ጊዜ ይባላል፤ ይህም ማለት በዚህ ወር ውስጥ ተጫዋቹን የፈለገ ክለብ የቀድሞውን ክለብ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሊወስደው ይችላል። ፈቃድ አይጠየቅ እንጂ ገንዘብ ይጠየቃል። ገንዘቡም «የማሠልጠኛ ካሣ» የሚባለው ሲሆን የሚሰላው የተጫዋቹን የዓመት ገቢ እንደ ዕድሜው ከ14 እስከ 2 በሚደርስ ቁጥር በማባዛት ነው፤ ለልጅ 14፣ ዕድሜ በጨመረ ቍጥር እያነሰ ይሄዳል። ከጁን 1 ጀምሮ ደግሞ ዝውውሩ በሁለቱ ክለቦች ስምምነት ይሆናል። ማንም ያልወሰደው እንደ ሆነ የቀድሞው ክለብ ያንኑ ውል ለአንድ ዓመት መልሶ ያቀርብለታል። አሁንም እምቢ ካለ ክለቡ ሊያግደው ይችላል። በእምቢታው የጸና ተጫዋች ያለ ክለቡ ፈቃድ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ የሚችለው ሁለት የጨዋታ ዘመን ሳይጫወት ተቀምጦ ከቆየ በኋላ፣ ያውም በአማተርነት ነው።

የእግር ኳስ ተጫዋች የሥራ ዘመን ቢበዛ 12 ወይም 15 ዓመት ነው። ከዚህ ላይ ሁለቱን ያለ ሥራ መቀመጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም።

አሁን ወደ ቦስማን እንመለስ። በደንቡ ስሌት ለእርሱ የተቆረጠው ካሣ 11,743,000 ፍራንክ ሆነ። እነዚህን አኃዞች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ክለቡ ሰውየውን የገዛው በ3 ሚሊዮን ነው፤ አሁን የሚወስደው ቢገኝ አራት እጥፍ ያህል ይጠይቃል። ለሰውየው ለራሱ ግን የድሮ ደመወዙን ሩብ ብቻ ይሰጠዋል። አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ለሌላው ሲሸጥ አራት እጥፍ ከበረ፤ ለራሱ ሲከፈለው ወደ ሩብ ወረደ። የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን በሒሳብ የምንመካ አይደለንም፤ ይህ ሒሳብ ግን ትክክል እንዳልሆነ ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

በዚያ ዋጋ የሚወስደው አልተገኘም። ቦስማን ራሱ በሰሜን ፈረንሳይ በሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወተውን የደንከርክን ክለብ አነጋገረ፤ ደንከርክም በወር 100,000 ፍራንክና ለፊርማ 900,000 ፍራንክ ሊሰጠው ተስማማ። ሁለቱ ክለቦችም በጁላይ 27 ቀን ተዋዋሉ። ለአንድ ዓመት 1,200,000 ፍራንክ ይከፈላል፤ ደንከርክ ለዘለቄታው ሊያስቀረው ከፈለገ ደግሞ 4,800,000 ፍራንክ ይጨምራል። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የቤልጂግ ፌዴሬሽን ለፈረንሳይ ፌዴሬሽን የዝውውር ምስክር ወረቀት መላክ አለበት፤ ወረቀቱም እስከ ኦገስት 2 መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ውሎቹ ሁሉ ይፈርሳሉ።

ይህ ወረቀት እኛ አገር መልቀቂያ የምንለው ዓይነት ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የሄደ፣ ወይም ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ የተዛወረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሥራው ተገኝቷል፤ ደመወዙ ተነግሯል፤ ሻንጣው ታስሯል፤ የቀረው አንድ ማኅተም ነው። ያ ማኅተም ግን የሚገኘው ከምትለቀው ሰው እጅ ነው።

የሊዬዥ ክለብ ደንከርክ ገንዘቡን መክፈሉን ተጠራጠረ። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ወረቀቱን እንዲልክ ሳይጠይቅ ቀረ። ቀኑ አለፈ፤ ውሎቹም ፈረሱ። ክለቡ ይህ ሳይበቃው በጁላይ 31 ቀን ቦስማን እንዲታገድ ለፌዴሬሽኑ አመለከተ። ሰውየው ውሉ ካለቀ አንድ ወር አልፎታል፤ ደመወዝ አያገኝም፤ ክለብ የለውም፤ ሆኖም መጫወት የሚከለክለው ክለብ አለው።

በኦገስት 8 ቀን 1990 ቦስማን በሊዬዥ ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ። ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 9 በሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ ክለቡና ፌዴሬሽኑ ሌላ ክለብ እስኪያገኝ ድረስ በወር 30,000 ፍራንክ እንዲከፍሉትና ሥራ ከማግኘት እንዳይከለክሉት አዘዘ። እርሱም በፈረንሳይ በሳን ካንታን፣ ከዚያም በሕንድ ውቅያኖስ በሬዩኒዮን ደሴት፣ ኋላም በቤልጂግ በሻርልሯ ከተማ በሚገኝ ሌላ ክለብ እየተዘዋወረ ተጫወተ። ክሱ ግን እያደገ ሄደ። የቤልጂግ ፌዴሬሽንና የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በነገሩ ገቡበት፤ ጥያቄውም የአንድ ሰው ደመወዝ መሆኑ ቀርቶ የአውሮፓ መንግሥታት የተዋዋሉት የሮማ ውል ለእግር ኳስ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚል ሆነ። የውሉ 48ኛ አንቀጽ ሠራተኛ በአባል አገሮች ውስጥ ለሥራ በነፃ የመዘዋወር መብት አለው ይላል። ጥያቄውን ሉክሰምቡርግ ላለው የአውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ላኩት።

ክለቦቹ ያቀረቡት መከላከያ ቀላል አልነበረም፤ እኛም ልንንቀው አይገባም። ካሣው ከቀረ ታላላቆቹ ክለቦች ታናናሾቹን ይውጧቸዋል፤ ልጅ አሠልጥኖ የሚያሳድግ ክለብም ድካሙ ለሌላው ይሆናል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ማን ልጅ ያሳድጋል? የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 15 ቀን 1995 በሰጠው ፍርድ ዓላማው መልካም ነው ብሎ ተቀበለ። መንገዱን ግን አልተቀበለም። በካሣው ደንብ ጊዜም ቢሆን ሀብታሞቹ ክለቦች ምርጦቹን ተጫዋቾች ከመውሰድ አልተከለከሉም፤ የካሣውም መጠን ልጁን ለማሠልጠን ከወጣው ወጪ ጋር ግንኙነት የለውም አለ። ስለዚህ ውሉ ላለቀ፣ የአባል አገር ዜጋ ለሆነ ተጫዋች፣ ወደ ሌላ አባል አገር ሲሄድ ካሣ መጠየቅ ሕገ ወጥ ነው። ከዚህም ጋር ክለቦች ማሰለፍ የሚችሉትን የሌላ አባል አገር ተጫዋች ብዛት የሚወስነውን ደንብ አፈረሰ። ሌሎቹን የውድድር ደንቦች አልነካም።

በመኝታ ቤታችን የተነሣው ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። ከዚያ ቀን በፊት ውሉ ያለቀ ተጫዋች የሚሄደው በዋጋ ነበረ።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። በ1995 የአውሮፓን ዋንጫ የወሰደው የሆላንዱ አያክስ ካሳደጋቸው ልጆች ኤድጋር ዳቪድስ በ1996፣ ፓትሪክ ክላይቨርት በ1997 ውላቸው ሲያልቅ ያለ አንዳች ክፍያ ወደ ሚላን ሄዱ። የተጫዋቾች ደመወዝ ከፍ አለ፤ የታናናሽ ክለቦች ሥጋትም ባዶ አለመሆኑ ታወቀ። በ2001 የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር ተስማምቶ ዕድሜያቸው እስከ 23 ለሆነ ተጫዋቾች ሌላ የማሠልጠኛ ካሣ ደነገገ፤ ተጫዋች በውል ላይ እያለ ሲሸጥም ከዋጋው 5 በመቶ ላሳደጉት ክለቦች እንዲከፋፈል አደረገ። ነገሩ ግን ገና አልተዘጋም። በኦክቶበር 4 ቀን 2024 ይኸው ፍርድ ቤት በፈረንሳዊው ላሳና ዲያራ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ውሉን ያለ በቂ ምክንያት አፈረሰ የተባለ ተጫዋችን፣ ቀጥሎ የሚቀጥረውንም ክለብ የሚቀጡትን ደንቦች ነቅፏል። በዚህም ጉዳይ የቤልጂግ ክለብ አለበት፤ ዲያራን ሊቀጥር ፈልጎ የሠጋው ሻርልሯ ነበረና። ክርክሩም የተነሣው ከዚያው ከመልቀቂያ ወረቀት ነው።

በመካከላችን ስለ ቦስማን ፍርድ ስንነጋገር ለሁለት ተከፈልን። አንደኞቹ የሊዬዥ ክለብ ሰውን እንደ ዕቃ የቈጠረ ጨካኝ ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ክለቡ በደንቡ መሠረት ሄደ እንጂ ከሌላው የከፋ ምን አደረገ? አሉ። እኛ ሁለቱም እውነት አላቸው ብለን እናምናለን፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው። ክለቡ ያን ዓመት ገንዘብ ቢያጥረው የሚቆርጠው ከማን ደመወዝ ነው? ቦታው ካልጸናለት ተጫዋች ነው። ደንከርክን መጠራጠሩም ለአንድ ገንዘብ ያዥ አያስነቅፍም ይሆናል። ነገር ግን ገንዘቡ የክለቡ ነው፤ ያለፈው የሰውየው ዓመት ደግሞ የሰውየው ነው። ደንቡ የመጀመሪያውን ለማስጠበቅ ሁለተኛውን መያዣ አድርጎ ሰጠ። ደንቡ ክፉ በሚሆንበት ጊዜ በደንቡ መሠረት መሄድ ብቻውን ከወቀሳ አያድንም እንላለን። ቦስማን ፍርዱ በተሰጠ ጊዜ 31 ዓመቱ ነበረ። የከፈተው በር ሌሎችን አስገባ፤ እርሱ ግን የእግር ኳሱን ዘመን በፍርድ ቤት ደጅ ጨርሶት ነበር።

የክለቡስ ነገር? ብዙ ሰዎች የሊዬዥን ክለብ የጣለው የቦስማን ፍርድ ነው እያሉ ይናገራሉ። ቀኖቹን የተመለከተ ሰው ግን ይህ ትክክል አለመሆኑን ይረዳል። ክለቡ ከአንደኛ ዲቪዚዮን የወረደው በ1994–95 የጨዋታ ዘመን ነው፤ ፍርዱ የተሰጠው ከዚያ በኋላ በዲሴምበር ነው። የጣለው ዕዳ ነው። ያረጀው የሮኩር ስታዲዩም በዚያው በ1990ዎቹ አጋማሽ ተዘግቶ ፈረሰ፤ በቦታውም ትልቅ የሲኒማ ቤት ተሠራበት። በ1952 ሻምፒዮናው የተጨፈረበት መሬት ላይ አሁን ሰው ቲኬት ቆርጦ በጨለማ ይቀመጣል።

ሜዳ የሌለው ክለብ በ1995 ከጎረቤቱ ከቲየር ክለብ ጋር ተዋሕዶ ከሦስተኛ ዲቪዚዮን ጀመረ። ስሙ ተለወጠ፤ የቲየር ስም ከፊት ገባ። ቁጥሩ ግን ያው 4 ሆኖ ቀረ። በ2000 የቀድሞ ስሙን መለሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከአንዱ የጎረቤት ከተማ ሜዳ ወደ ሌላው እየዞረ፣ የሰው ቤት ተከራይቶ እንደሚኖር ቤተ ሰብ ሲኖር ዕዳውም ሲከተለው፣ እስከ አራተኛው ደረጃ ድረስ ወረደ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክለቡን ለመዝጋት፣ አዲስ ስም አውጥቶ ከዕዳ ነፃ ሆኖ ለመጀመር ቀላል ነበረ። ይህን ያላደረገው ቁጥሩ እንዳይጠፋ ነው። ደጋፊዎቹም ደምና ሰማያዊ ለብሰው በየሰው ሜዳ ተከተሉት፤ የሚጠይቁትም ነገር ሁልጊዜ አንድ ነበረ፤ ወደ ሮኩር መልሱን።

በ2015 ተመለሱ። በሮኩር የተሠራላቸው አዲሱ ሜዳ የድሮው ጥላ እንኳ አይሆንም፤ ትንሽ ነው፤ የብስክሌት መንገድም የለውም። ከስምንት ዓመት በኋላ በ2023 ክለቡ የሦስተኛው ዲቪዚዮን አንደኛ ሆኖ ወደ ሁለተኛው ወጣ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያኔም 4 ነበረ።